የኖሪን ጣሳዎችና የደልበርት ካርታ

ደልበርት ኩንዝ በሥራ ቀን የተተኮሰ ሸሚዝ ከለበሰ ወይ ቀብር አለ ወይ የሆነ ነገር ሊደብቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አጥር ተጋርተን ስለኖርን ይህን ማንም አይነግረኝም። ስለዚህ በዚያ ሰኞ ጠዋት ሰማያዊ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የቀረችውን ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ እኔ ወደምሠራበት የመኖ መደብር ሲገባ፣ በእጄ የያዝኩትን የዶሮ መኖ አስቀምጬ "ደግሞ ማን ሞተ?" አልኩት።

"ማንም አልሞተም። ድምፅሽን ቀንሺ። ማህተምሽ አለ?"

ማህተሜ ሁልጊዜም አለ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ አልተማርኩም፤ ግን ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብዬ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ የሰው ፊርማ የማረጋግጥበት ማህተም የኦሃዮ መንግሥት ሰጥቶኛል። በከተማችን መኪና የሚሸጥም፣ ልጁን ለአያት አደራ የሚሰጥም እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ማህተሙ ከባንኮኒው ሥር፣ ከከብት የትል መድኃኒት አጠገብ ይቀመጣል። ቦታው ባያምርም አይጠፋም።

ደልበርት ግራና ቀኝ አየ። የነበሩት በመብራት ሥር በትልቁ ገንዳ ውስጥ የሚንጫጩት ጫጩቶች ብቻ ናቸው፤ ወሩ ሚያዝያ ነው፣ አገሩ ሁሉ ጫጩት የሚገዛበት። ከደረቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

"ኖሪንን ካርታው ላይ ላስገባት ነው" አለ በሹክሹክታ። "ቅዳሜ ልደቷ ነው። በፓይ ኬክ ሳጥን ውስጥ አድርጌ፣ በላዩ ላይ ሪባን አስሬ እሰጣታለሁ። ሳጥኑን ስትከፍተው ፓይ የለም፤ ቤት ነው!"

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ይህን ሲለኝ ግን ጉንጩ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ቀልቶ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ድሮ ቤቱ በደልበርትና በሟች ሚስቱ በዋኒታ ስም ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ቤቱ እንዳለ በሕይወት ለቀረው ይሁን ተብሎ የተጻፈ። ዋኒታ ስታርፍ ደልበርት የሞት ምስክር ወረቀቷን ይዞ ካውንቲው ቢሮ ሄደና ፀጉሩን ለመስተካከል ከሚፈጅበት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ተመለሰ። ዳኛ የለ፣ የወራሽነት ማስረጃ የለ፣ ቀጠሮ የለ። አሁን ደግሞ ለኖሪን እንዲሁ እንዲሆንላት ፈልጓል።

ኖሪን ከወንዙ ማዶ፣ ከኬንታኪ የመጣች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። ደልበርት ያገኛት ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀው የዓሣ ጥብስ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ሦስተኛ ሲመጣ "አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ነው የምትፈልገው ወይስ እኔን?" አለችው። ይኸው ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ኖሪን መሬት ላይ አንዲት ነገር አልተከለችም። ቲማቲሟ በባልዲ፣ አበቦቿ በቡና ጣሳ፣ ጽጌረዳዋ በተጣለ የልብስ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ ናቸው። ግማሾቹ የሕፃን ጋሪ ላይ፣ ግማሾቹ የእጅ ጋሪ ላይ ተደርድረዋል፤ ግቢው ነገ ጠዋት ጉዞ የሚነሳ ይመስላል።

አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች "ሎዌላ፣ የፊተኛው ባሌ ሲሞት ቤቱ በእናቱ ስም ነበር" አለችኝ። "ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደግኩትን ጽጌረዳ ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የምተክለው ሁሉ መኪና ላይ የሚጫን ነው።"

ይህን ለደልበርት ነግሬው አላውቅም። ግን ዓይን አለው፤ ጣሳዎቹን ያያል። ደግሞ በፋሲካ የእህቱ ልጅ ሮይስ መጥቶ ነበር። ሮይስ የአሳማውን ሥጋ በልቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ የደልበርትን ጋራዥ ለካ። ጀልባ አለው። "ምናልባት አንድ ቀን ብዬ ነው አጎቴ" አለ። ኖሪን ሳህን እያጠበች በመስኮቱ አይታዋለች። ደልበርትም እሷ ስታይ አይቷል።

"እስቲ ወረቀቱን" አልኩት።

ከካውንቲው ያመጣውን ፎርም በዋኒታ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ሞልቶታል። የመሬቱ ወሰን የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የድሮው ካርታ "ከነጩ ኦክ ዛፍ ተነስቶ" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ያ ዛፍ የኔና የእሱ መሬት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የነበረ ነው። ደልበርት ግን እንዲህ ብሎ መትቶታል፦ ከነጩ ኦክ ዛፍ ተነስቶ፣ ዛፉ በዐውሎ ነፋስ ወድቆ ጉቶው ብቻ ቀርቷል፣ እሱም መበስበስ ጀምሯል።

"ደልበርት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እውነቱ ነዋ! በቤተ ክርስቲያን ወንበር የማስይዝ ሰው ነኝ፤ የሌለ ዛፍ አለ ብዬ ልፈርም?"

የኔ ሥራ ፊርማ ማረጋገጥ ነው፤ ዛፍ ማረጋገጥ አይደለም። አስፈረምኩት፣ ማህተሜን መታሁ፣ እያፏጨ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ አያፏጭም። ሸሚዙም ከሱሪው ወጥቷል።

"የመሬት ልኬት ቢሮ ውስጥ ዌንደል የሚባል ቀጭን ሰውዬ አለ" አለኝ። "ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ጉቶው መበስበሱን በምን አወቁ ብሎ ጠየቀኝ። እየሄድኩ እቀመጥበታለሁ አልኩት። ሌሎቹን ሠራተኞች ጠርቶ አነበበላቸው!"

"ሳቁ?"

"አንዷማ ወጥታ ሄደች። የድሮውን ቃል በቃል ገልብጥ ነው የሚለኝ፣ አንዲት ፊደል ሳትነካ። ዛፉ የለም እኮ ስለው፣ ሚስተር ኩንዝ፣ በዚህ ካውንቲ ካርታ ላይ ያሉት ዛፎች ግማሾቹ ከአያቶቻችን በፊት ወድቀዋል፤ እርስዎ ዛፍ አለ ብለው አይምሉም፣ የድሮውን ነው የሚገለብጡት አለኝ።"

"ልክ ነው። ገልብጠው።"

"እሺ፣ እሱን እገለብጣለሁ። ሌላም አለ።" ባንኮኒው ላይ ተደገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መዝገብ ቤት ያለችው ግሌንዳ ባለትዳር ነህ ወይ አለችኝ። ነኝ አልኳት። ታዲያ የሚስትህ ፊርማ የታለ አለችኝ።"

የኦሃዮን ሕግ እኔ አላወጣሁትም። ባል ቤቱን ለማንም ሲያስተላልፍ፣ ሚስት ከዚያ ቤት ላይ የሚስትነት ድርሻዋን እለቃለሁ ብላ ትፈርማለች፤ ተቀባይዋ ራሷ ሚስቲቱ ብትሆንም ፎርሙ ያው ነው።

"ስጦታዋን ለመስጠት የእሷ ፊርማ?" አለ ደልበርት። "ግሌንዳን እኮ ነገርኳት፦ የኔ እመቤት፣ ያልታሰበ ስጦታ ነው! እሷ ግን ፍንክች አላለችም። በቃ፣ ዓርብ ኖሪንን ይዣት እመጣለሁ። ወረቀቱን በሆነ ነገር ሸፍነን፣ የዶሮ መኖ የተቀበልሽበት ፈርሚ እንላታለን።"

"እንላታለን የሚለው ውስጥ እኔን አታስገባኝ። የምትፈርመውን ማወቅ አለባት፤ ካላወቀች ማህተም የለም።"

"ከፈረመች በኋላ ትወቀው።"

"ደልበርት!"

"እሺ፣ እሺ፣ ከመፈረሟ አንድ ደቂቃ በፊት። ፊቷን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እሺ ብዬው፣ እስከ ዓርብ ትንፍሽ ላልል ማልኩለት።

ረቡዕ ዕለት ኖሪን መጣች። ምንም አልገዛችም። ጫጩቶቹን ጥቂት አይታ፣ አንዷን አንስታ እፍ ብላባት አስቀመጠቻትና ወደኔ ዞረች።

"ሎዌላ፣ አንድ ሁለት ቀን ጣሳዎቼን ግቢሽ ላይ ባስቀምጥ ይከፋሻል?"

"ለምን? የት ልትሄጂ?"

"ሜይስቪል፣ እህቴ ጋ። ሳይነግረኝ በፊት ብሄድ ይሻላል።"

"ምኑን ሳይነግርሽ?"

"ሰኞ ሸሚዝ ተኩሺልኝ አለኝ። ሰኞ! ከዚያ ካውንቲው ቢሮ ደጃፍ ቆሞ አዩት። ስጠይቀው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ አለኝ።" ከንፈሯን ነከሰች። "ሎዌላ፣ ያ ሰውዬ እኮ አንድም የራሱ ጥርስ የለውም።"

በማህተሜ እምላለሁ፣ ሳቄን ለመያዝ የትል መድኃኒቱን መለያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ።

"ለሮይስ እያዞረለት ነው" አለች። "አይከፋኝም፤ ሥጋው ነው። ግን ፊቴ ላይ ሲነግረኝ ቆሜ መስማት አልችልም። አንዴ ቆሜ ሰምቻለሁ።"

ሳቄ ጠፋ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መሐላዬ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ኖሪን ዓይን ዓይኔን እያየች "ምነው፣ ዓሣ ሆንሽ?" አለችኝ።

"እስከ ዓርብ ቆዪ" አልኳት በመጨረሻ። "ዓርብ ከሰዓት መንጃ ፈቃድሽን ይዘሽ እዚህ ነይ። ከዚያ ከፈለግሽ ጣሳዎቹን እኔው በጋሪ አመላልስልሻለሁ።"

"ማህተምሽን ልትመቺ ነው አይደል? ታውቂያለሽ ማለት ነው" አለችኝ። እኔም እንደገና ዓሣ ሆንኩ። ወጥታ ሄደች። ማታ እራቴን አልበላሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን አልጣፈጠኝም።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መደብሩ ሰው ሞልቶበት ነበር። ኢዩኒስ የምትባል ሴት አሥራ ሁለት ጫጩት በካርቶን አስደርድራ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ወረፋ ይዘዋል። ደልበርት ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ ገባ። ኖሪን ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ከኋላው ገባች። ሰላም አላለችኝም።

ደልበርት ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋና በላዩ ላይ ኮፍያውን አስቀመጠበት። ከወረቀቱ የሚታየው ከታች ሁለት መስመር ብቻ ነው። ፊቱ እየበራ፣ እግሩ እየተወዛወዘ ብዕር ሰጣት።

"ምንም አይደለም የኔ ዓለም። የመኖ ነው። ከማንበብሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልነግርሽ..."

ኖሪን መነጽሯን አድርጋ ከኮፍያው ሥር የሚታየውን ጮክ ብላ አነበበችው።

"እኔ ኖሪን ኩንዝ፣ የሰጪው ሚስት፣ በዚህ ቤት ላይ ያለኝን የሚስትነት ድርሻ በሙሉ ለቅቄአለሁ።"

ደልበርት ኮፍያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፤ የትኛውን መስመር ሳይሸፍን እንደተወ ያን ጊዜ ገባው። አንድ ገጽ ሙሉ ጥሩ ነገር ደብቆ፣ ያቺን አንዲት ክፉ መስመር ነው ያሳያት።

"የመኖ!" አለች ኖሪን። "የመኖ ነው?" ሁለተኛውን "የመኖ" ስትል ባንኮኒውን በቦርሳዋ መታችው፤ የኢዩኒስ ካርቶን ተገለበጠ፤ አሥራ ሁለት ጫጩት መሬት ወረደ።

"በሩን ዝጉት!" ብላ ጮኸች ኢዩኒስ።

"ከላዩ አንብቢ!" ብሎ ጮኸ ደልበርት።

"ቤትህን ለሮይስ ስጠው! ጀልባውንም አስገባበት! በእኔ እጅ ግን..."

"ለየትኛው ሮይስ? ከላዩ! ኮፍያውን አንሺው!"

"አንተ አንሳው፤ አንተ ነህ የሸፈንከው!"

ወረፋ ከያዙት አንዱ በሆዱ ተኝቶ ከመኖ ከረጢቶቹ ሥር እጁን ሰዷል። ሌላው በየእጁ አንዳንድ ጫጩት ይዞ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ቆሟል። ደልበርት ኮፍያውን ሊያነሳ ሲራመድ ጫጩት ልትረገጥ ሆነና አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ፤ ሐኪም ሁለት ጊዜ የቀደደው ጉልበት ይዞ በአንድ እግሩ ቆሞ "ሎዌላ! ኮፍያውን!" ይለኛል።

አነሳሁት። መሐላዬ እስከ ዓርብ ነበር፤ ዓርብ ደርሷል።

"ኖሪን" አልኳት፣ "ማህተም የያዝኩ ሴት ነኝና ስሚኝ። ከላይ ጀምረሽ አንብቢ።"

አነበበች። ድምፅዋ መጀመሪያ እንደ መጋዝ ነበር። "እኔ ደልበርት ኩንዝ፣ ባለትዳር... ይህን ቤትና መሬት ለደልበርት ኩንዝና ለኖሪን ኩንዝ..." እዚህ ላይ ቀነሰች። "ሁለቱ በሕይወት እስካሉ ለሁለቱ፣ ከዚያ በኋላም ከሁለቱ በሕይወት ለሚቀረው..." ቆመች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች።

"ማነው በሕይወት የሚቀረው?" አለች።

"አንቺ" አለ ደልበርት፣ እግሩን ቀስ ብሎ እያወረደ። "በአመጋገቤ ከሄድን አንቺ ነሽ።"

"እኔ ብቀድምስ?"

"ያው እንደ በፊቱ የኔ ይሆናል። አንቺ ግን ማንም ሜትር ይዞ አይመጣብሽም። የሞቴን ወረቀት ይዘሽ ግሌንዳ ጋ ትሄጂያለሽ፣ በዚያው ቀን ምሳሽን እቤትሽ ትበያለሽ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ልቀቂ የሚለኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ወስደው መልሰው የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ሎዌላን ጠይቂያት።"

ኖሪን ወደኔ ዞረች። ፊቷ የሚያለቅስ ነው ስል ሳቅ፣ ሳቅ ነው ስል እንባ ሆነብኝ። "አንቺ ረቡዕ ዕለት ታውቂ ነበር።"

"ምዬ ነበር።"

"ዓሣ!" አለችኝ።

ብዕሩን አነሳች። እኔም ሥራዬ ነውና "በፈቃድሽ፣ ማንም ሳያስገድድሽ ነው የምትፈርሚው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ያንን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ የተኮስኩት እኔ ነኝ" አለች። "ከዚህ ወዲያ ማን ሊያስገድደኝ ነው?" ፈረመች። የስሟ ጅራት እስከ ወረቀቱ ዳር ሄዷል። ማህተሜን ስመታ መደብሩ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ኢዩኒስ ግን "አሥራ አንድ ናቸው፣ አንድ ጎድሎኛል" ትል ነበር።

መዝገብ ቤቱ ዓርብ በአሥር ሰዓት ይዘጋል። ደልበርት "ልደቷ ነገ ነው፣ ሰኞ አይሆንም" አለ። መደብሩን ለኢዩኒስ አደራ ሰጥቼ ሦስታችንም በደልበርት ፒካፕ መኪና ተጠጋግተን ሄድን። ዌንደል ወረቀቱን ሲያይ "ጉቶው ደህና ነው?" አለ፤ ደልበርትም "ሰላም ብሎሃል" አለው። ማህተም። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ፣ ግብር ቢሮ፣ ማህተም። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ለሦስተኛው ፎቅ ኖሪን ከፊት እየጎተተች፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ ደልበርት መሀል ላይ "ዛሬ ብሞት ያልተመዘገበ ነው!" እያለ እየሳቀ ወጣን። ስቆ ስቆ ደረጃው ላይ ቁጭ ሲል ኖሪንም ቁጭ አለች፣ እኔም ቁጭ አልኩ። አሥር ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሦስት ሽማግሌ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ግን በዚያ ሰዓት ለመከራከር ትንፋሽ አልነበረኝም።

ግሌንዳ የመስኮቷን መጋረጃ ልታወርድ እጇን ዘርግታ ነበር። ኖሪን ወረቀቱን ራሷ አቀበለቻት። ግሌንዳ የኖሪንን ፊርማ አየች፣ ደልበርትን አየችው። "ያልታሰበ ስጦታው እንዴት ሆነ?"

"ታሰበ" አለ ደልበርት።

ለወረቀቱ የመዝገብ ቁጥር ልትሰጥ ስትል የኖሪን ቦርሳ ጮኸ። ጺው። ኖሪን ከፈተችው። የኢዩኒስ አሥራ ሁለተኛ ጫጩት በኖሪን ጓንት ውስጥ ተኝታለች።

ግሌንዳ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "እሷስ በማን ስም ትመዝገብ?" አለች።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠነክር፣ አካፋ መሬት ሲመታ ሰማሁ። በመስኮት ብመለከት ኖሪን የደልበርትን ቦቲ ተጫምታ ትቆፍራለች። እሱ ባዶውን የፓይ ሳጥን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጉቶው ላይ ተቀምጧል፤ እየጠቆመ ያዛታል፣ አንዱንም አትሰማውም። ቲማቲሙ ወርዷል። ጽጌረዳው ከበርሜሉ ወጥቶ አፈር ገብቷል። የሕፃኑ ጋሪ ባዶውን ተገልብጧል።

ከባልዲዎቹ አንዱ ውስጥ ሽኮኮ ከኋላ ግቢዬ ካለው ነጭ ኦክ ፍሬ ሰርቆ ቀብሮበት፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ቡቃያ ወጥቶ ነበር፤ ኖሪን ነቅላ ልትጥለው እየዛተች ትታው ኖራለች። እሱን በመጨረሻ አወጣችው። ጉቶው አጠገብ ቆፍራ ተከለችው፣ አፈሩን በቦቲዋ ረገጠችው፣ ወገቧን ያዘችና "በል፣ አሁን ዌንደል ይምጣ!" አለች። "ከነጩ ኦክ ዛፍ ተነስቶ! ውሸታም አይደለህም!"

ደልበርት የፓይ ሳጥኑን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ አጨበጨበ። በመስኮቴ ሆኜ እኔም አጨበጨብኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ "ራሴን አሞኛል" ብዬ ቀረሁና ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ኖሪን ዛፉን የተከለችው ከጉቶው በስተቀኝ ነው። ሦስት ጫማ ተኩል የኔ መሬት ውስጥ ገብታለች።

ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ ያው ነው። አንድ ባልዲ ውሃ አመጣሁና አጠጣሁት። በኅዳር ለምስጋና በዓል ሮይስ ሲመጣ ግን ይህን እንዳይለካ፣ ያንን ሜትሩን ከኪሱ የምሰርቅበት ዘዴ መፈለግ አለብኝ።